በምግብ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ስለ ማንበብ

ሰው ከገዛ እርሻው አምርቶ፥ በገዛ ቤቱ አስፈጭቶ ይበላ በነበረ ጊዜ የምግቡ ምስክሮች ዓይኑና አፍንጫው ነበሩ። ጤፉ ከየት እንደ መጣ፥ ቅቤውን ማን እንደ ናጠው ያውቅ ነበርና የጽሑፍ ምስክር አያስፈልገውም ነበር። ዛሬ ግን ከከተማ ሰው ምግብ ብዙው ታሽጎ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ሠሪው ለገዢው የሚናገረው በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ቃል ብቻ ነው። ይህን ቃል ሳያነብ የሚገዛ ሰው ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛን ይመስላል።

በአዲስ አበባ በቦሌ ክፍለ ከተማ፥ በሩዋንዳ ኤምባሲ ምክንያት ሩዋንዳ ተብሎ በሚጠራው ሠፈርና በአካባቢው፥ ከውጭ አገርም ከአገር ውስጥም የመጣ የታሸገ ምግብ በየሱቁና በየሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ ሞልቶ ይታያል። ገዢው ዕቃውን አንሥቶ ሲያገላብጥ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ዋጋው፥ ሁለተኛው ጊዜው ያለፈበት መሆን አለመሆኑ ነው። በጾም ወራት ሦስተኛ ይጨመራል፤ ይኸውም በብስኩቱ ወይም በቸኮላቱ ውስጥ ወተት፥ ቅቤ ወይም እንቍላል መግባት አለመግባቱን መመርመር ነው። ስለ ስኳሩ፥ ስለ ጨውና ስለ ስቡ ልክ የተጻፈው ሰንጠረዥ ግን ብዙ አንባቢ የለውም።

ከዚህ የሚታወቀው ሕዝቡ ማንበብን የሚንቅ አለመሆኑ ነው። ለኅሊናው የሚያስፈልገው ነገር ሲሆን በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን እንኳ ፈልጎ ያገኘዋል። ለሥጋው ጤና የሚያስፈልገውን የሚያልፈው፥ ነገሩ እንደሚነካው ማንም ስላልነገረው፥ ወይም ጽሑፉ ሊያነበው በሚችል አኳኋን ስላልተጻፈለት ነው።

ደግሞም በፊት ለፊት በትልቅ ፊደል የተጻፈው ቃል በጀርባ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን እየሸፈነ ያስታል። በዘይት ጠርሙስ ላይ «ኮሌስትሮል የሌለበት» የሚል ጽሑፍ ሲታይ፥ ገዢው ዘይቱ ለልብ የሚስማማ ነው ብሎ ያምናል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳ በሚመጣ ምግብ ስለ ሆነ፥ ከዕፀዋት የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ይህንኑ ሊል ይችላል። የፓልም ዘይት ይህ ቃል ቢጻፍበትም፥ ከስቡ እኩሌታው ያህል የሚረጋው ዓይነት ነው፤ ይህም ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል።

የስኳርና የጨው ነገርም እንዲሁ ነው። ብዙው ለስላሳ መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ያህል ስኳር አለበት። ቍጥሩ ለዓይን ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የግማሽ ሊትሩን ጠርሙስ የጨረሰ ሰው 50 ግራም፥ ማለት 12 የሻይ ማንኪያ ያህል ጠጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ሊበልጥ አይገባም ብሎ ከወሰነው ልክ ጋር ይህ ብቻውን የሚተካከል ነው። ጨው ደግሞ በማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ ሶዲየም በሚል ስም ስለሚጻፍ፥ ቍጥሩን በሁለት ተኩል ያላባዛ ሰው የጨውን ልክ አያገኝም። በቀን ከ5 ግራም በታች መሆን የሚገባውን ጨው በእንዲህ ያለ ሒሳብ እንዲቈጣጠር የሚጠበቅበት ሰው ምን ያህል እንደሚደክም ማሰብ ነው።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በገዢው ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በገበያው ከሚታየው ዕቃ ብዙው በእንግሊዝኛ፥ አንዳንዱም በዐረብኛ ወይም በቱርክኛ የተጻፈ ነው። የጊዜው ቍጥርም በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ይህም ከኢትዮጵያው በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚበልጥ፥ በአገሩ ዘመን የሚቈጥር ሽማግሌ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ገና ብዙ ዓመት የሚቀረው አድርጎ ሊያስበው ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች፥ ማሸጊያ ማንበብ የባለጠጋ ሥራ ነው፤ ድኻ ያገኘውን ይገዛል እንጂ አያማርጥም ይላሉ። ዳሩ ግን የስኳር በሽታና የደም ግፊት ድኻውን አይተዉትም፤ ለመድኃኒት የሚያወጣው ገንዘብም ከልጆቹ እንጀራ ላይ የሚነሣ ነው። ሳይቸኵሉ አስቀድሞ መመጠን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱን ነው።

መንግሥት በዚህ ነገር ሲሠራ ፍሬ እንደሚገኝ የጨው ታሪክ ያስረዳል። አዮዲን ማነስ እንቅርትን እንደሚያመጣና የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤተ ሰብ በ15ቱ ዘንድ ብቻ ሲሆን፥ በ2008 ዓ.ም. 89 ደረሰ። ይሁን እንጂ አዮዲን አለበት ከተባለው ጨው ብዙው የታዘዘው ልክ እንዳልነበረው ምርመራዎች ስለ ገለጡ፥ ምስክርነቱ እውነት መሆኑን መርማሪ ሁልጊዜ ሊያረጋግጠው ይገባል። ከዚያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 ለምግብ ገላጭ ጽሑፍ ሥርዓት አድርጎለታል፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም የአምራቹ ስምና አድራሻ የሌለበትን ምግብ ሕዝቡ እንዳይገዛ በየጊዜው ያስጠነቅቃል።

የሚቀረው ጽሑፉን ለተራው ሰው ማቅረብ ነው። የቺሌ መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2016 ጀምሮ፥ ስኳር፥ ጨው ወይም የሚረጋ ስብ በበዛበት ምግብ ፊት ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ጥቁር ምልክት እንዲታተም አዟል። ሒሳብ የማያውቅ ሰው እንኳ ምልክቱን አይቶ ይረዳል። በኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ምልክት ቢደረግ፥ ጽሑፉ በአማርኛና እንደየአገሩ በሌሎቹም የሕዝብ ቋንቋዎች ቢታተም፥ ከአውሮፓው ዘመን አጠገብ የኢትዮጵያው ቢጻፍ፥ ከሩዋንዳ ሱፐርማርኬት እስከ ገጠር ሱቅ ድረስ ያለው ገዢ ሁሉ ይጠቀማል። የሥራው ባለቤት የሆኑ ሹማምንት ይህን ሊያስቡበት የተገባ ነው።

ካህናትም በዚህ ታላቅ ድርሻ አላቸው። ምእመናን ስለ ጾም ብለው ማሸጊያ ማንበብን ለምደዋልና፥ ወተት የሌለበት ብስኩት ሁሉ ለጤና የሚስማማ አለመሆኑን፥ ስኳሩና የረጋ ዘይቱ ከወተቱ ይልቅ ሊበዛበት እንደሚችል ቢያስተምሯቸው ቃላቸው ይሰማል። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ትቶ ጥራጥሬ በመረጠ ጊዜ ነፍሱንም ሥጋውንም ጠበቀ። ለጾሙ ሲል ማሸጊያውን የሚያገላብጥ ክርስቲያንም ዓይኑን አንድ መሥመር ወደ ታች አውርዶ የስኳሩንና የጨውን ልክ ቢያነብ፥ የተጨመረበት ድካም ጥቂት፥ የሚያገኘው ጥቅም ግን ብዙ ነው።