በሞቴ እያልን ሰው አናስጠጣ



የደመወዝ ሰሞን አረቄ ቤቶቻችን እንዴት እንደሚሞሉ ሁላችንም እናውቃለን። ብሩ በመለኪያ ያልቃል፣ ጤናም አብሮ ይሄዳል። መጠጥ ጉበት ይጎዳል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ካንሰርም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ለጤና የማያሰጋ የመጠጥ መጠን የለም ብሏል። «ጠላ ነው እንጂ አረቄ አይደለም» ማለትም አያዋጣም፤ አልኮሉ ያው አልኮል ነው።

እኛ ግን በየሠርጉ በየክርስትናው «በሞቴ፣ አንድ ድገም!» እያልን ልተው ያለውን ሰው መልሰን እንከተዋለን። ይህ ፍቅር አይደለም። እንግዳ «ይበቃኛል» ካለ ይብቃው። ደጋሽም ያልፈላ ብርዝና ሻይ ከጠላው ጎን ያቅርብ። መቀነስ የሚፈልግ የማይጠጣበትን ቀን ይለይ፤ ደመወዙንም አስቀድሞ ለቤቱ ያስረክብ።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ እንደሚጥል በሽታም ሊጥለው ይችላል፤ ለሞት የሚያደርስበትም ጊዜ አለ። ስለሆነም ከማቆሙ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ይማከር፤ ቤተሰብም ብቻውን አይተወው።

ልተው ላለ ጎረቤት እናግዘው እንጂ ብርጭቆ አንግፋበት።