«ተከፍሏል» ሲባል አስተናጋጇም ተከፍሏታል ማለት ነው?

ቦሩ ሜዳ ሲባል ታሪክ የሚወድ ሰው የ1870ውን የአፄ ዮሐንስ ጉባኤ ያነሳል። ሐኪም የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሆስፒታሉን። እኛ ዛሬ የምናነሳው ድንኳኑን ነው። የሠርግ ድንኳን።

ድንኳን ውስጥ ቲፕ የሚባል ነገር የለም። አሳላፊው የጎረቤት ልጅ ነው። ቅሬው ተጠርቶ፣ ወጣቱ እጅጌውን ሰብስቦ እንጀራ ያዞራል፣ ወጥ ይጨምራል፣ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ምግብ እንዳይደባለቅ ይጠነቀቃል። «ብሉልን እንጂ» እያለ ይለምናል። ለዚህ ልጅ 50 ብር ብትዘረጉለት ይቀየማል። እውነቱን ነው። የሱ ክፍያ ሌላ ነው። ነገ እሱ ሲያገባ፣ ወይም ቤቱ ለቅሶ ሲገባ፣ እናንተ ታሳልፋላችሁ። ብድር ነው፣ ብድሩም ይመለሳል።

አሁን ያንኑ ሠርግ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አዳራሽ ውስጥ እናስገባው። ቤተሰቡ «በሰው ይህን ያህል» ተባብሎ ተስማምቷል፣ ገንዘቡም ቀድሞ ገብቷል። ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ የመጣው እንግዳ ወንበሩን ይይዛል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ልጅ ውሃ ታመጣለች፣ ሳህን ታነሳለች፣ ለስላሳ ትከፍታለች፣ ለአባባ ወንበር ትፈልጋለች። ሰባት ሰዓት የጀመረች እስከ ማታ አትቀመጥም። ማንም ኪሱን አይነካም። ለምን? «ተከፍሏል እኮ!»

እኛም ብዙ ጊዜ እንደዛው በልተን፣ አመስግነን ወጥተናል። ስስት አልነበረም። የድንኳኑን ሕግ ወደ አዳራሹ ይዘን ስለገባን ነው። ግን ይቺ ልጅ የቅሬያችን አባል አይደለችም። እሷ ስታገባ እኛ አናሳልፍም። ስሟንም አናውቅም። ብድሩ የሚመለስበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ብር።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ተከፍሏል ወይ?» አይደለም። «ከተከፈለው ውስጥ የሷ አለበት ወይ?» ነው።

ይሄ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም

ክሩዝ የሚባሉትን ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች በቲክቶክ አይታችኋል። ተራው ምግብ ከትኬቱ ጋር ይታሰባል። ነገር ግን መርከቡ ውስጥ ለየት ያሉ ምግብ ቤቶች አሉ፣ የስቴክ ቤት፣ የሱሺ ቤት። ተጓዡ ገና ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ እራቱን ይገዛል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያው የእኛ ጥያቄ ይመጣበታል፦ «ቀድሜ ከፍያለሁ፣ ደግሞ ቲፕ ልስጥ?»

ትልልቆቹ ኩባንያዎች መልሱን ክፍያው ላይ አስቀምጠውታል። ሮያል ካሪቢያን ለእነዚህ ምግብ ቤቶች 18 በመቶ፣ ኖርዌጂያን ደግሞ 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። እራቱ 50 ዶላር ከሆነ 18 በመቶ ሲታከልበት 59 ዶላር ይሆናል። ተጓዡ ሲገዛ ያየዋል፣ ይከፍላል። ከዚያ በላይ የሚሰጠው በፍላጎቱ ነው፣ ባይሰጥም አይታማም።

ማለትም እዛ «ተከፍሏል» ሲባል የአስተናጋጁ ድርሻ በቁጥር ተጽፏል። እኛ ጋ «ተከፍሏል» ሲባል አዳራሹ፣ ምግቡ፣ ዲኮሩ ተከፍሏል ማለት ነው። ስለ ልጅቷ የሚያወራ ሰው ላይኖር ይችላል።

«ሰርቪስ ቻርጅ አለ አይደል?»

አንዳንድ ጊዜ አለ። ትልልቅ ሆቴሎች ደረሰኝ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ታያላችሁ። ከዚያ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። ዋጋው 1,000 ብር ከሆነ፣ 100 ብር ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመራል፣ በ1,100ው ላይ ቫት ይሰላል፣ በድምሩ 1,265 ብር። ብዙ ትናንሽ ቤቶች ግን ሰርቪስ ቻርጅ የሚባል ነገር የላቸውም። ቫቱን አይታችሁ «አስተናጋጇም ተከፍሏታል» ካላችሁ ተሳስታችኋል። ቫት የመንግሥት ነው።

ሰርቪስ ቻርጁ ቢኖርም ሌላ ጣጣ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ደሞዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን እንደ ደሞዝ አይቆጥረውም። ይሄ ለጆሮ ቀላል ይመስላል። ውጤቱ ግን ከባድ ነው።

እንበልና አንዲት አስተናጋጅ ደሞዟ 3,000 ብር ነው። ከሰርቪስ ቻርጅ ደግሞ 3,000 ብር ይደርሳታል። በእጇ የሚገባው 6,000 ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ የሚሰላው ግን ከ3,000ው ነው። የስንብት ክፍያ የሚገባት ቀን ቢመጣም ከ3,000ው ነው። በሠርግ ወቅት የምትኖረው በ6,000 ነው፣ ሕጉ የሚያውቃት ግን በ3,000 ነው።

አንቀጹ ደሞዝ አይደለም ይላል እንጂ ለማን እንዴት ይከፋፈል የሚለውን አይነግረንም። ስለዚህ ጥያቄው ወደየቤቱ ይሄዳል። ሙሉው ለሠራተኛ ይደርሳል? ለተሰበረ ብርጭቆ ይቀነሳል? ወጥ ቤት ያሉትና ሳህን አጣቢዋስ ይካፈላሉ? ደረሰኙ ይሄን አይመልስም።

እንግሊዝ ይሄን በሕግ ዘግታዋለች። ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዛ ያለ አሠሪ ቲፕንም ሰርቪስ ቻርጅንም ሳይቆርጥ ለሠራተኛ ማድረስ፣ ክፍፍሉንም በፍትሐዊ መንገድ ማድረግ ግዴታው ነው። አሜሪካ ደግሞ ተቃራኒው ምሳሌ ናት። በፌዴራል ሕጉ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለው ዝቅተኛ የሰዓት ደሞዝ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 2.13 ዶላር ላይ ቆሟል። ቀሪውን የሚሞላው የእንግዳው ኪስ ነው። እዛ ቲፕ አለመስጠት ነውር የሆነው ለዚህ ነው።

እኛስ የት ነን? የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ በ2017 ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ለግሉ ዘርፍ ግን ይሄ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ድረስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዘይቱም የቤት ኪራዩም ነገር ታውቁታላችሁ። አስተናጋጇም የምትገዛው ከዛው ገበያ ነው።

ለምን አሁን?

ድሮ ጉርሻ በሳንቲም መልስ ውስጥ ነበር። ሻይ ጠጥተህ መልሱን ጠረጴዛው ላይ ትተህ ትሄዳለህ። ብዙም አታስብበትም። አሁን ሁለት ነገር ተቀይሯል።

አንደኛው፣ ቀድሞ የሚከፈል ምግብ በዝቷል። የአዳራሽ ሠርግ፣ ምረቃ፣ ወርክሾፕ፣ ሥልጠና። ካፌ ውስጥ ሳይቀር መጀመሪያ ካሸር ጋ ከፍለህ ኩፖን ትይዛለህ። የአዲስ አበባ–ላሊበላ መንገድ ቱሪስት ሲሳሳ ደሞ እዚህ ላለ ሆቴል ሠርግና ስብሰባ ትልቅ ነገር ነው። የውጭ እንግዳ ለብቻው ሂሳብ ከፍሎ ቲፕ ይተው ነበር። 200 ሰው ያለበት ስብሰባ ላይ ግን የሚከፍለው አዘጋጁ ነው፣ የሚበላው ሌላ ነው፣ የምታስተናግደው ሦስተኛ ሰው ናት። አዘጋጁ «ተሳታፊው ይሰጣታል» ይላል። ተሳታፊው «አዘጋጁ ከፍሏል» ይላል። መሀል ላይ ማን ቀረ?

ሁለተኛው፣ ኪሳችን ባዶ ነው። ድህነት ብቻ አይደለም፣ ቴሌብር ነው። ከግንቦት 2013 ጀምሮ ብራችን ስልካችን ውስጥ ገብቷል። 435 ብር ከሆነ 435 ብር ትልካለህ፣ አለቀ። መልስ የለም። መልስ ከሌለ ጉርሻም የለም።

ስሌቱን እንየው

ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ በራሳችሁ ዋጋ ቀይሩት። 300 እንግዳ፣ በሰው 800 ብር። ድምሩ 240,000 ብር። ውሉ ላይ 10 በመቶ ለአስተናጋጆች ተብሎ ቢጻፍ 24,000 ብር ይሆናል። 20 አስተናጋጅ ቢኖር ለአንድ ሰው 1,200 ብር።

አሁን ውሉ ዝም ይበልና እንግዶቹ ይስጡ እንበል። 300ውም ሰው 20 20 ብር ቢሰጥ፣ የማይሆን ነገር ነው ግን ይሁን፣ 6,000 ብር ነው። ለአንድ አስተናጋጅ 300 ብር።

ምን ለማለት ነው? ቀድሞ በተከፈለ ግብዣ ላይ ዋናው ኃላፊነት የእንግዳው አይደለም፣ የደጋሹ ነው። ውሉ ላይ የምትጻፍ አንዲት መስመር ከ300 ሰው ኪስ ትበልጣለች። መርከቦቹ የገባቸው ይሄ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ሙሽራ ወይም ደጋሽ ከሆናችሁ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። «ዋጋው ውስጥ ሰርቪስ ቻርጅ አለ?» «ለልጆቹ ሙሉው ይደርሳል?» ከሌለ ወይም መልሱ ከተድበሰበሰ፣ ከዲኮሩ ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ለአስተናጋጆቹ ለዩ። ማታ ሲያልቅ አንድ ሚዜ በሁሉም ፊት ይስጥ። በሁሉም ፊት የተሰጠ ብር መንገድ ላይ አይቀርም።

የሠርግ እንግዳ ከሆናችሁ፦ ግዴታ የለባችሁም፣ አትሸማቀቁ። ደስ ካላችሁ ግን ጠረጴዛው በሙሉ አዋጥቶ ለጠረጴዛዋ አስተናጋጅ አንዴ ይስጥ። ዘመድ ፊት ብር ማውጣት ደጋሹን ያሳፈረው እንዳይመስል፣ ስትነሱ በእጇ አድርጉላት።

ወርክሾፕ ወይም ሥልጠና ላይ ከሆናችሁ፦ ሦስት ቀን ሙሉ ያስተናገደቻችሁ ያቺው ልጅ ናት። ቡና የሚወደውን፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣውን በሁለተኛው ቀን ለይታ ታውቃለች። አበላችሁን ስትቀበሉ በመጨረሻው ቀን አዋጡ። አዘጋጅ ከሆናችሁ ደግሞ በጀት ላይ አስገቡት።

ኩፖን ከሆነ፦ ራሳችሁ ካነሳችሁ ምንም አይጠበቅባችሁም። ሰው ወደ ጠረጴዛችሁ ካመጣላችሁ፣ ያ ሰው ተራ ቲፕ ይገባዋል። ኩፖኑ የምግቡ ዋጋ ነው።

ጥሬ ብር ከሌላችሁ፦ ወንዶች፣ ይቺን ስሙን። «ቲፕ ልላክልሽ፣ ቁጥርሽን ስጪኝ» አትበሉ። ቅን ልብ ቢኖራችሁም እሷ ያንን ዓረፍተ ነገር ከመቶ ሰው ሰምታዋለች፣ ከዚያ ምን እንደሚከተልም ታውቃለች። ሥራ ላይ ስለሆነች እምቢ ማለትም ይከብዳታል። አዋጥታችሁ ጥሬ ብር ካለው ጓደኛ እጅ ስጡ፣ ለሱ በቴሌብር ላኩለት። ወይም ቤቱ ለአስተናጋጆች የጋራ ቁጥር ካለው እሱን ጠይቁ።

«ደሞዝ መክፈል የባለቤቱ ሥራ አይደለም እንዴ?»

ነው። ይሄን ክርክር ሁሌ እንሰማለን፣ ልክም ነው። ቲፕ የደሞዝ ምትክ ሲሆን አሠሪው ይለምድበታል፣ የአሜሪካው ነገር እሱን ያሳያል። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደሞዝ ይወሰን፣ ሰርቪስ ቻርጅ ለማን እንደሚደርስ በግልጽ ይደንገግ የሚለው ጥያቄ መቀጠል አለበት። እኛም እንቀጥልበታለን።

ግን «ሥርዓቱ ይስተካከል» ብለን ኪሳችንን ስንዘጋ፣ እስኪስተካከል ድረስ ዕዳውን የምትከፍለው ሚኒስትሩ ወይም የሆቴሉ ባለቤት አይደለም። ያቺ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ልጅ ናት። ሁለቱንም ባንድ ላይ ማድረግ ይቻላል፦ ስንዋዋል መጠየቅ፣ ስንነሳ መስጠት።

ለነገሩ ቋንቋችን ቀድሞ ገብቶታል። ጉርሻ ስንል ቲፕም ማለታችን ነው፣ በእጃችን ጠቅልለን ሰው አፍ ውስጥ የምናስገባውም ነው። ድንኳን ውስጥ ደጋሹ አሳላፊውን ሳያጎርስ አይለቀውም። «ቆመህ ስታሳልፍ ዋልክ፣ ና አንዴ» ይለዋል። አዳራሽ ስንገባ የቀረው ይሄ ነው። ምግቡ መጥቷል፣ ዘፈኑ መጥቷል፣ የሚያጎርሰው እጅ ግን ቦሩ ሜዳ ቀርቷል።

ዘንድሮ የሚያገባ ጓደኛ ካላችሁ፣ አዳራሽ ሳይዋዋል በፊት ይሄን ላኩለት።