ላልተጠየቀ መልእክት ማን ይክፈል?

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 አይፈለጌ መልእክት ማሠራጨትን በወንጀል የሚያስቀጣ ተግባር አድርጎ ደንግጓል። ምርት ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ አስቦ፣ ተቀባዩ አስቀድሞ ሳይፈቅድለት፣ የኢሜይል መልእክት የሚያሠራጭ ሰው እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይጠብቀዋል። ድንጋጌው ሀገራችንን በዚህ ረገድ ሕግ ካላቸው ሀገሮች ተርታ ያሰለፈ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሕጉ የቆለፈው ሌባ የማይመጣበትን በር ነው።

ለብዙው ኢትዮጵያዊ ኮምፒዩተሩ የእጅ ስልኩ ነው፤ በየዕለቱ የሚያስቸግረውም ኢሜይል ሳይሆን ከአጭር ቁጥር የሚላክ የጽሑፍ መልእክት ነው። ያልተፈለገ ኢሜይል በአብዛኛው ጊዜ ያባክናል፤ ብዙው ደግሞ ዓይን ሳያርፍበት በራሱ ተለይቶ ይቀመጣል። የአጭር ቁጥር መልእክት ግን ከኪስ ይወስዳል። ባለፈው ዓመት እናቴ «ካርድ ሞልቼ ሳልናገርበት ያልቅብኛል» ብላ ብታማርር ስልኳን ተቀብዬ መረመርሁ። የዕለት ጥቅስ፣ የጤና ምክርና የእግር ኳስ ውጤት የሚልኩ ሦስት አገልግሎቶች በየቀኑ ከሂሳቧ ይቆርጡ ነበር። እናቴ የእግር ኳስ ውጤት የምትከታተል ሴት አይደለችም። አገልግሎቱን እንዴት ማቋረጥ እንደሚቻል የሚገልጸው መመሪያ ከመልእክቱ ግርጌ በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ መልሳ መላክ የሚገባትም ቃል እንግሊዝኛ ነው።

መመሪያው በላቲን ፊደል የሚጻፍበት አንዱ ምክንያት ቴክኒካዊ ሳይሆን አይቀርም። አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160 ምልክት ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን የሚሠራበት ኮድ ስለሚለወጥ የሚይዘው 70 ምልክት ብቻ ነው። ጽሑፉ ከዚህ ካለፈ ተከፋፍሎ እንደ ሁለትና እንደ ሦስት መልእክት ይቆጠራል። ስለዚህ ቦታ የጠበበው ላኪ አንድ ነገር መቀነስ ቢኖርበት ማስታወቂያውን ትቶ የማቋረጫውን መመሪያ ለመቀነስ ይፈተናል። ሕግ የሚያስፈልገውም እንዲህ ያለውን ምርጫ ለላኪው ላለመተው ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1994 በአሪዞና ይሠሩ የነበሩ ሁለት ጠበቆች የአሜሪካን የዲቪ ዕጣ ለሚሞሉ ሰዎች በክፍያ እናግዛለን የሚል ማስታወቂያ በዩዝኔት በሺዎች ለሚቆጠሩ የውይይት ቡድኖች ለቀቁ። የንግድ አይፈለጌ መልእክት ታሪክ ሲተረክ ብዙዎች የሚነሡት ከዚህ ነው። (ከዚያ ወዲህ በዲቪ ስም ስንት የሐሰት ደብዳቤ እንደ ደረሰው አንባቢ ራሱ ያስታውስ።) ሕግ አውጪዎች የተከተሉት መንገድ የተለያየ ነው። የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ ተቀባዩ «ተው» እስኪል ድረስ መላክን ፈቀደ፤ ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ያወጣችውን፣ አስቀድሞ ማስፈቀድን የሚያስገድደውን ጠንካራ ሕግም ሥራ ላይ ሳይውል አስቀረው። የአውሮፓ ኅብረት የ2002 መመሪያና የአውስትራሊያ የ2003 ሕግ ግን ፈቃድን መሠረት አድርገው ከኢሜይል ጋር የስልክ የጽሑፍ መልእክትንም አካተዋል። እኛ የሚያሻን ሁለተኛው መንገድ ነው።

የኢሜይል ላኪ ስሙን ሊሰውር፣ ባሕር ማዶ ሊቀመጥ ይችላል፤ እርሱን አሳድዶ መያዝ ለባለጸጎቹ ሀገሮችም አስቸግሯል። የአጭር ቁጥር ላኪ ግን ስውር አይደለም። ቁጥሩን በውል የተረከበ ድርጅት ነው። ሂሳቡ የሚቆረጠው በቴሌኮም አቅራቢው ሥርዓት በኩል ነው፤ ከገቢውም ሁለቱ ይካፈላሉ። እንግዲህ ለመቆጣጠር ከሁሉ የሚቀለው አይፈለጌ መልእክት ይህ ሆኖ ሳለ፣ የመከላከሉ ሸክም ፊደሉን እንኳ ለማታነብበው ተቀባይ ተትቷል።

የእስራት ቅጣትም እዚህ ላይ አይረዳም። ሁለት ብር የተቆረጠበት ሰው ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም፤ የታክሲው ሂሳብ ይበልጣልና። ቅጣቱ ይልቁን ለደንበኞቹ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ከሥሩ የሱቁን አድራሻ የሚያስገባውን ነጋዴ እንዳያስደነግጥ እሰጋለሁ። የሚበጀው የማስረዳትን ግዴታ ማዞር ነው። ተጠቃሚው «አልፈቀድሁም» ባለ ጊዜ ፈቃድ መሰጠቱን ላኪው ያስረዳ፤ ማስረዳት ካልቻለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተቆረጠው ገንዘብ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ማመልከቻ ወደ ሂሳቡ ይመለስ። ማቋረጫውም ያለ ክፍያ ይሁን፤ «አቁም» የሚለውን ቃል በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም ይቀበል።

እንዲህ ያለ ግዴታ ጀማሪ ድርጅቶችን ያዳክማል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ሰዎች ፈልገው የሚመዘገቡበት አገልግሎት ግን በዚህ ምንም አይጎድልበትም። የሚጎዳው ገቢው ደንበኛው ባለማስተዋሉ ላይ የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ ለእርሱ ሕግ የሚራራበት ምክንያት አይታየኝም።

ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ የግድ አይደለም። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘርፉን የሚቆጣጠር ተቋም ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን የማስፈጸም ኃላፊነትም ለእርሱ ተሰጥቷል። ሁለቱ ሥልጣኖች በአንድ እጅ ስለሚገኙ ከላይ የተባለውን ግዴታ በመመሪያ ማስገባት፣ ተቀራራቢ ድንጋጌ ካለም ማጥበቅ ይቻላል። የእናቴን ሦስት አገልግሎቶች ለማቋረጥ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የተቆረጠው ገንዘብ እንዲመለስላት ያቀረብነው ጥያቄ ግን ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ቀን ድረስ መልስ አላገኘም።