የአገር ልጅ ዋጋ

በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት የምንኖር ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላለ ፕሮግራመር ሥራ ስንሰጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፋችን አትጠፋም፦ «እዚያ ኑሮው ርካሽ ነው።» እኔም ብያታለሁ። ስለ ገበያ የምንናገር እያስመሰለች የራሳችንን ትርፍ በሌላው ኑሮ የምታሰላልን ዓረፍተ ነገር ናት።

ሒሳቡን እንየው። 52 ሳምንት በ40 ሰዓት ሲባዛ 2,080 ሰዓት ይሆናል። ፕሮግራመሩ በዓመት 12,000 ዶላር ማግኘት ቢፈልግ፣ አሠሪው ለ2,080 አካፍሎ «በሰዓት 6 ዶላር መች አነሰህ?» ይለዋል። ነገር ግን በፍሪላንስ የሚሠራ ሰው ለበዓሉም ሆነ ለሕመሙ የሚከፍለው የለም። ለዚህ 6 ሳምንት ብንቀንስ፣ ከቀሪው እያንዳንዱ ሳምንትም ደንበኛ ፍለጋ፣ ድርድርና ክፍያ ማሳደድ 15 ሰዓት ቢወስዱበት፣ ሊያስከፍልበት የሚችለው 1,150 ሰዓት ብቻ ነው። ለላፕቶፕ፣ ለኢንተርኔት፣ መብራት ሲጠፋ ለሚደርስለት ባትሪና ለግብር 3,000 ዶላር ስንጨምር ዋጋው በሰዓት 13 ዶላር ይደርሳል። ላፕቶፑ እንደሆነ አዲስ አበባ ስለገባ አይረክስም፤ ይወደዳል እንጂ።

ይህ ስሌት አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ራሳችን በኮንትራት ስንሠራ 15.3 በመቶውን የግል ሠራተኛ ግብርና የጤና መድኑን ዋጋችን ላይ ሳንጨምር አንፈርምም።

ከአንድ ወጣት ጋር በብር ተዋውዬ ነበር። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውሉ ባለበት ቆመ፤ የእኔ ወጪ ግን ወደ ግማሽ ወረደ። እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ። ይሉኝታ ይዞት አራት ወር ፈጀ። ልዩነቱን ከፈልኩት፤ ዝምታዬን ግን እስከ ዛሬ የማስረዳበት ቃል አላገኘሁለትም።

«ዋጋው ከተወደደ ሥራው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ደንበኛው በሰዓት 80 ዶላር ከፍሎን 8 ዶላር የምናሻግር ከሆነ፣ ሥራውን ያስወደደው የፕሮግራመሩ ድርሻ አይደለም።

ስለዚህ ውሉ በዶላር ይጻፍ፤ ቢያንስ ሲሶው ቅድሚያ ይከፈል፤ ከስምምነቱ ውጪ የሚታዘዝ ማሻሻያም ለብቻው ይታሰብ። በ2020 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ እንደተዘጋው ያለ ነገር ቢደገም ደግሞ፣ ለዘገየው ሥራ ከሠራተኛው ክፍያ እንደማይቆረጥ አስቀድሞ በውሉ ላይ ይስፈር።