የሲሪንቃን ሽቦ ማን ይመዝነው?

በመርሳና በወልዲያ መካከል፣ ከዋናው አውራ ጎዳና ዳር ያለችው ሲሪንቃ በአገር የምትታወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ከማዕከሉ የሚወጣ የማሽላ ዘር ለገበሬው ከመድረሱ በፊት በሙከራ ማሳ ላይ ይዘራል፣ ምርቱ ይመዘናል፣ አጽዳቂ ኮሚቴ ያየዋል። ለዚያው ገበሬ ቤት መብራት የሚያስገባው የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ከሱቅ መደርደሪያ ወርዶ ግድግዳ ላይ እስኪቸነከር ድረስ የሚመዝነው የለም።

ሰሜን ወሎ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ሥር ሆኖ ወራትን በጨለማ ማሳለፉ፣ የምርምር ማዕከሉም መዘረፉ አይዘነጋም። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የጠገነ፣ ሱቁን ዳግም የከፈተ፣ ፓምፕ የተከለ ሁሉ ሽቦ መግዛት ነበረበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። መዳብ በዓለም ገበያ በቶን ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይሸጣል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መዳቡን አሳስቶ፣ ወይም አሉሚኒየም ላይ መዳብ ቀብቶ ያንኑ ስም መለጠፍ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለነጋዴ አይነገረውም።

ጉዳቱን ለመረዳት የእንጀራ ምጣድ ይበቃል። 3,500 ዋት የሚጠቀም ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ 10 ሜትር ቢሆንና ሽቦው እውነተኛ የመዳብ ባለ 2.5 ቢሆን፣ በመሥመሩ ላይ በሙቀት የሚባክነው 38 ዋት ቢደርስ ነው። ላዩ ላይ 2.5 ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ባለ 1.5 የሆነና መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ ያው መሥመር ወደ 100 ዋት ይጠጋል። ሙቀቱ በመሥመሩ ሁሉ ይሰራጫል ቢባል እንኳ መጋጠሚያው ላይ ይብሳል፤ አሉሚኒየም በብሎን ሲጠበቅ ውሎ አድሮ ይላላል፣ የላላው ቦታም ይግላል። ተራው የሽቦ ልባስ የተሠራው 70 ዲግሪ ሙቀት እንዲችል ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ኮርኒስ ውስጥ ወይም በጭድ በተመረገ የእንጨት ግድግዳ ላይ ነው። ብሬከሩ ያድናል ብሎ የሚጽናና ካለ ተሳስቷል። ብሬከር የሚቆጥረው አምፔር እንጂ የሽቦውን ውስጥ አያይም፤ ለባለ 2.5 ተብሎ የተገጠመ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ምጣዱ 16 ሲስብ ትንፍሽ አይልም።

አሉሚኒየም በራሱ ወንጀለኛ አይደለም። መብራት ኃይል በየምሰሶው ላይ የዘረጋው መሥመር አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ግን ውፍረቱ በዚያው ልክ ተሰልቶ፣ በስሙ ተጠርቶ ነው። ጥፋቱ መዳብ ብሎ መሸጡ ላይ ነው።

ደረጃ የለም እንዳይባል አለ። አገሪቱ የደረጃዎች ተቋም ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ያ ተቋም ስሙ እየተቀያየረ ቆይቶ በ2003 ዓ.ም. ሥራው ለአራት ሲከፈል ደረጃ ማውጣቱ ለአንዱ፣ መፈተሹ ለሌላው ተሰጠ። የኤሌክትሪክ ኬብልም አስገዳጅ ደረጃ ከወጣላቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ፍተሻው የሚያተኩረው ከውጭ በሚገባው ጭነትና በፋብሪካ ደጃፍ ላይ ነው። ጥቅሉ ከመርካቶ ተነሥቶ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ሁለት ሦስት እጅ ተቀያይሮ መርሳ ሲደርስ፣ ከተፈተሸው ጭነት የወጣ ይሁን ከጓሮ የገባ የሚለየው ማነው? ገዥው የሚያየው ቀለሙንና ማኅተሙን ብቻ ነው። ማኅተም ደግሞ ከመዳብ ይረክሳል።

የሚገርመው ግን ዋናውን ማጭበርበር ለመያዝ ላቦራቶሪ አለማስፈለጉ ነው። ከባለ 2.5 ሽቦ አንድ ሜትር ቆርጦ፣ ልባሱን ገፎ፣ ውስጡን ብቻ በወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። መዳብ ከሆነ 21 ወይም 22 ግራም ይመዝናል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ ከ10 ግራም አያልፍም። በቢላዋ ቢፋቅም ነጩ ይወጣል። ከነልባሱ መመዝን ግን ያሳስታል፤ ልባሱን አወፍሮ ኪሎውን መሙላት ቀላል ነው።

በሚዛን የማይያዝ ጉድለትም አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 አውስትራሊያ ውስጥ ኢንፊኒቲ የተባለ ኬብል ከገበያ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። በ40 ሺህ ገደማ ቤቶች ሳይገባ አልቀረም ተብሎ ነበር። የዚህ ኬብል ችግር ልባሱ በሙቀት ከጊዜው በፊት ደርቆ መሰንጠቁ ነበር። በተገዛ ዕለት ቢያዩት አዲስ ነው፤ የሚጋለጠው ምድጃ ውስጥ ተቀምጦ እርጅናው ሲፈተን ብቻ ነው። ይህን ከመርሳ ባለሱቅም ሆነ ከሲሪንቃ ገበሬ መጠበቅ አይገባም፤ ዕቃው አገር ከመግባቱ በፊት የፈታሾቹ ሥራ ነው።

ነገሩ ከምጣድ ቤት አልፎ ፎቅ ላይም ይወጣል። የሲሪንቃ ሰው ለሕክምና ወይም ለጉዳይ ወልዲያና ደሴ ሲሄድ አሳንሰር ይገጥመዋል። አሳንሰርን ሰው የሚፈራው ገመዱ ይበጠሳል ብሎ ነው። ኤሊሻ ኦቲስ የተባለው አሜሪካዊ ግን እ.ኤ.አ. በ1854 ኒው ዮርክ ላይ ሕዝብ እያየ ገመዱን አስቆርጦ ሳይወድቅ ቀርቷል። ዛሬም ፍጥነት ሲያልፍ የሚያውቅ መሣሪያና ሐዲዱን ነክሶ የሚይዝ መንጋጋ የደረጃው ዋና ክፍሎች ናቸው። ከእነዚህ ሌላ የበሩ መቆለፊያ አለ፣ ከሳጥኑ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲተጣጠፍ የሚውለው ጠፍጣፋ ኬብልም አለ። አሳንሰሩ አዲስ ሲገባ ሰነድ ይዞ ይመጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ኬብሉ ሲበጠስ ወይም መቆለፊያው ሲሰበር ግን ከገበያ በተገኘው ዕቃ ይተካል፤ ለዚህኛው ሰነድ የሚጠይቅ የለም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ሳጥኑን ወደ ቅርብ ፎቅ አድርሶ በሩን የሚከፍት ባትሪ ትርፍ ነገር አይደለም። ይህ ከሌለ በሁለት ፎቅ መካከል የቀረውን ሰው የሚያወጣው ዘበኛው ነው፣ እሱም ቁልፉን ካገኘ።

የሀብሩ ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት የጤፍ ሚዛን ትክክል መሆኑን ይቆጣጠራል ተብሎ ይጠበቃል። አንድ የግራም ሚዛንና አንድ የሽቦ መቁረጫ ቢጨመርለት፣ በገበያ ቀን ከየሱቁ አንዳንድ ሜትር ቆርጦ ለማየት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ናሙናው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያዘው የመርሳው ባለሱቅ ይሆናል። እሱ ግን ብዙ ጊዜ ራሱ የተታለለ ነው፤ ጥቅሉን ከጅምላ ነጋዴ ሲረከብ መዳቡን አልገፈፈም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሻጭ ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል። ደረሰኙ ላይ «ሽቦ፣ 10 ጥቅል» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ግን ለማንም አይጠቅምም። የአምራቹ ስም፣ ስፋቱ፣ መዳብ ወይም አሉሚኒየም መሆኑ በጅምላ ነጋዴው እጅ ካልተጻፈበት ባለሱቁ ዕቃውን ለመመለስ መርካቶ ቢሄድ «ከእኛ አልወጣም» ይባላል፤ ኪሳራውም የእሱ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የወረዳው ሚዛን ሱቅ ለሱቅ መዞር ከመጀመሩ በፊት የክልሉ ንግድ ቢሮ ደሴና ወልዲያ ያሉትን ጅምላ ነጋዴዎች ጠርቶ ይህን ደረሰኝ ማስጀመር ይኖርበታል።