«ሞራው ይብሰል» እያሉ ዓይን ማጥፋት

በዚህች ገጽ ከምንጽፈው መካከል የአንዷ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀራቸው ቀኝ ዓይናቸው ጭጋግ ጭጋግ አላቸው። የሄዱበት የጤና ተቋም (ስሙን አንጠራም፤ የእሱን ብንጠራ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ይመስላል) በባትሪ አይቶ «አባባ፣ ሞራ ነው፤ ገና አልበሰለም፣ ሲበስል ይምጡ» ብሎ ሸኛቸው። አባባ ደግሞ ሐኪም ያለውን የሚሰሙ ሰው ናቸው። ቤታቸው ቁጭ ብለው ሞራው እስኪበስል ጠበቁ። ዓመት ከመንፈቅ! በኋላ የዓይን ሐኪም ሲያያቸው በሽታው ግላኮማ ሆኖ ተገኘ። ቀኝ ዓይናቸው ብርሃንን ከጨለማ መለየት ትቷል፣ ግራው ደግሞ በሸምበቆ ቀዳዳ እንደማየት ሆኗል።

ንዴታችን ባትሪ በያዘው ባለሙያ ላይ አይደለም፤ ያልተሰጠውን መሣሪያና ያልተማረውን ትምህርት ከየት ያመጣል? የተናደድነው ስለ ዓይን ሲወራ ወሬው ሞራና ትራኮማ ብቻ በመሆኑ፣ ግላኮማ ሲነሳ ደግሞ ወሬው ሁሉ ማሽን ማሽን በማለቱ ነው። ከተናደድንባቸው ሰዎች መካከል እኛ ጋዜጠኞቹም አለንበት። ወደዚያ እንመጣለን።

መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ። ዓይናችን ውስጥ ያለማቋረጥ እየመነጨ በጠርዝ በኩል፣ ወንፊት በመሰለ መውጫ የሚወጣ ንጹሕ ፈሳሽ አለ (እንባ ሌላ ነው፣ እሱ ከውጭ ነው)። ፈሳሹ እንደልብ መውጣት ሲያቅተው የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ከኋላ ያለው የዓይን ነርቭም ይጎዳል። ይህ ነርቭ አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች የታሰሩበት ገመድ ነው። ከእነዚህ ክሮች አንዱ ከሞተ ሞተ፤ መልሶ አያድግም፣ በቀዶ ሕክምና አይቀጠልም። በብዛት የሚታየው የግላኮማ ዓይነት ደግሞ አያምም፣ ዓይን አያቀላም። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሐል ዕይታ ርቆ ስለሚጀምርና አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን፣ ሰውየው ጋዜጣ እያነበበ፣ መኪና እየነዳ፣ ከልጅ ልጁ ጋር እየተጫወተ ዓይኑ ያልቃል። በዕይታ ስፋት ምርመራ ላይ ጉድለቱ እስኪታወቅ ድረስ ከክሮቹ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሊሞቱ ይችላሉ። ለሙያችን በሚቀርብ ምሳሌ እንናገር ከተባለ፣ ሞራ የካሜራ ሌንስ መደብዘዝ ነው፤ ሌንሱ ይቀየራል። ግላኮማ ከካሜራው የሚወጣው ገመድ መበጠስ ነው። ገመዱ የተበጠሰበትን ሰው «ሌንሱ እስኪደበዝዝ ጠብቅ» ማለት ምን ይባላል?

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ውስጥ 49.9 በመቶው በሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ፣ 5.2 በመቶው ደግሞ በግላኮማ ነው። «አምስት በመቶ ምን አላት? መጀመሪያ ግማሹን እናድን» የሚል ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። ክርክሩ ጅል አይደለም። የሞራ ቀዶ ሕክምና ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሰውየው በማግስቱ ልጁን አይቶ ያለቅሳል፣ ካሜራውም ያንን ይወዳል። ግን ሁለት ነገር ተረሳ። አንደኛ፣ ዓይነ ስውር ተብሎ የሚቆጠረው በተሻለው ዓይኑም የማያይ ሰው ነው፤ አንድ ዓይኑን አጥቶ ሁለተኛውን በማጣት ላይ ያለ ሰው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ሁለተኛ፣ በሞራ የታወረው ነገም ከነገ ወዲያም ሊድን ይችላል። ግላኮማ ለወሰደው ዓይን ግን ነገ የለም። በዓለም ላይ በግላኮማ የተያዙ ከ40 እስከ 80 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 64.3 ሚሊዮን ተገምተው ነበር፤ በ2040 ግምቱ 111.8 ሚሊዮን ይደርሳል። ከሁሉ በሚበዛው ዓይነት በመጠቃት የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘችው አፍሪካ ናት።

አሁን ወደ ማሽኑ። ኦሲቲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ዴቪድ ሁዋንግ፣ ኤሪክ ስዋንሰን፣ ጄምስ ፉጂሞቶና ባልደረቦቻቸው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ይፋ ያደረጉት ነው፤ ሦስቱ በ2023 የላስከር ሽልማትን ወስደውበታል፣ ይገባቸዋልም። አልትራሳውንድ በድምፅ የሚሠራውን ይህ በብርሃን ይሠራዋል። ብርሃን ወደ ዓይን ልኮ የሚመለሰውን ይለካና የሬቲናን ንብርብር እንደ ሽንኩርት ገልጦ ያሳያል። አማካይ ውፍረቱ 100 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነውን፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የሚያክለውን የነርቭ ክሮች ንብርብር ሳይነካ ይለካል። መርፌ የለም፣ ሕመም የለም። ከዚያ ውጤቱን በቀለም ያወጣል። አረንጓዴ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ አጠራጣሪ፣ ቀይ ከሆነ ከደህናው ክልል ውጭ።

ጥያቄያችን ከቀለሙ ላይ ይጀምራል። «ደህና» የማን ዓይን ነው? ማሽኑ ቀለሙን የሚሰጠው የእርስዎን ዓይን በሆዱ ከተቀመጡ ጤነኛ ዓይኖች ጋር አስተያይቶ ነው። በዓለም ላይ በሰፊው ከተሸጡት አንዱ የሆነው ስፔክትራሊስ መጀመሪያ ይዞት የወጣው የነርቭ ንብርብር ማነጻጸሪያ የተሠራው ከ201 ጤነኛ ሰዎች ነበር፤ ሁሉም ነጮች። ሌሎች አምራቾች ትንሽ ቀላቅለዋል፣ ግን የአዲስ አበባን፣ የጎንደርን ወይም የጅማን ዓይን ብለው የለኩ አይደሉም። የዓይን ነርቭ ራስ ስፋት ደግሞ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል፤ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች በአማካይ ሰፋ ይላል። ስለዚህ ጤነኛው ቀይ ሊወጣበት፣ በሽተኛው አረንጓዴ ሊወጣለት ይችላል። ማሽኑ ዘረኛ ነው አላልንም። ማሽን ያሳዩትን ነው የሚያውቀው፤ እኛን አላሳዩትም።

እኛ ዘንድ ያለው በሽታም የራሱ ጠባይ አለው። በዓይን ሌንስ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ብናኝ እየተከማቸ ግፊት የሚያስከትል፣ ሱዶኤክስፎሊየሽን የሚባል ችግር አለ። ፊንላንዳዊው ሊንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1917 የገለጸው፣ ለረጅም ጊዜ የስካንዲኔቪያ በሽታ ተደርጎ ሲታይ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት ግን ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከተዘጋጁ ታካሚዎች ከሦስት አንዱ በላይ ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ከዚህ በላይ ለምርምር የሚጋብዝ ነገር ምን አለ? እንደ ምኒልክ ሆስፒታልና ጎንደር ባሉ ማስተማሪያ ቦታዎች ጥያቄውን የሚያነሱ ሐኪሞች አሉ። የጠፋው የሚከፍላቸውና የሚሰማቸው ነው።

እና እኛስ ምን ሠራን? ከተመረቅን በኋላ ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሥራችን የምረቃ ዜና ነበር። ሪባን ይቆረጣል፣ ማሽኑ ከሻሽ ይወጣል፣ «ዘመናዊ» የሚለው ቃል በአንድ ዜና አምስት ጊዜ ይጻፋል፣ ለስላሳ ጠጥተን እንመለሳለን። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ «ማሽኑ ይሠራል ወይ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ውጤቱን ማን ያነበዋል? ቀይ የወጣበት ሰው ከዚህ ወጥቶ ወዴት ሄደ?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን የለም። እኛም አልጠየቅንም።

ቀይ የወጣበት ሰው የሚሄደው ወደ ፋርማሲ ነው። ጠብታ ይታዘዝለታል፤ ዕድሜ ልኩን፣ በየቀኑ። ላታኖፕሮስት የተባለው ጥሩ ጠብታ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ቢገባም፣ ዝርዝር ውስጥ መግባትና መደርደሪያ ላይ መገኘት ለየቅል ናቸው። ምንም ለማያመው በሽታ ከጡረታ ደመወዙ ላይ በየወሩ ቆርሶ ጠብታ የሚገዛ ስንት ሰው አለ? አባባ ራሳቸው አንዳንዴ አንድ ቀን እየዘለሉ ይጠቀሙ እንደነበር በኋላ ነው የነገሩን፤ «እንዲበረክት» ብለው።

ሌላ መንገድ አለ፣ የተሞከረውም እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ታንዛኒያ፣ ሞሺ፣ በኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል ለአንዳንዶቹ ታካሚዎች ቲሞሎል ጠብታ፣ ለሌሎቹ የፈሳሹን መውጫ የሚያነቃቃ ኤስኤልቲ የተባለ ሌዘር ተሰጠ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2021 «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» ላይ ወጥቷል። ከዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካው በጠብታ ከታከሙት ዓይኖች በ31 በመቶው፣ በሌዘር ከታከሙት በ61 በመቶው ነው። ሌዘሩ ተአምር አይደለም፤ ኃይሉ በጊዜ ይቀንሳል፣ መድገም ያስፈልጋል፣ ማሽኑም ገንዘብ ነው። ግን አንድ ሌዘር ብዙ ሰው ያክማል፣ ኦሲቲ ግን ማንንም አያክምም። ለመለየቱ ደግሞ የሠለጠነ ሰውና የነርቭ ፎቶ ብዙ ርቀት ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኬንያ ጥናት በስልክ ላይ በሚገጠም መሣሪያ፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው ጭምር የሚያነሳው የዓይን ነርቭ ፎቶ ከትልቁ ካሜራ ጋር የሚስተካከል መሆኑን አሳይቷል።

«ያለ ኦሲቲ ጅማሬውን አናገኝም» የሚሉ ሐኪሞች አሉ። እውነት አላቸው፤ በተለይ ግፊቱ ከ21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች ሆኖ ነርቩ ለሚጎዳ ሰው ማሽኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ዓይኑ ጠፍቶ የሚመጣን ሰው ለማወቅ ማይክሮሜትር መቁጠር አያስፈልግም። ጥያቄያችን የተራ ነው። በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ ሌዘሩና ጠብታው ይገዛ፤ ኦሲቲ ሲገዛም የእኛን ሰው ዓይን ለክቶ የራሳችንን «ደህና» ለሚያወጣ ምርምር ይዋል።

«እኛ ወጣቶች ነን፣ ምን አገባን?» ለምትሉ፦ ዓይናችሁን ሲያሳክካችሁ ፋርማሲ ገብታችሁ ያለ ማዘዣ የምትገዟት፣ ቅላቱን በሁለት ቀን የምታጠፋዋ ጠብታ ውስጥ ዴክሳሜታዞን አለ ወይ? ስቴሮይድ ነው። ያለ ሐኪም ክትትል ለወራት ከተጠቀማችሁበት የዓይን ግፊት ሊያንር፣ በሃያ ዓመትም ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል። ከእኛ ሁለታችን ቦርሳ ውስጥ ተገኝቷል።

ሁለተኛው ነገር ደም ነው። በሮተርዳም፣ ኔዘርላንድስ በተደረገ ጥናት የግላኮማ ታካሚ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ የሆነ ሰው እስከ 80 ዓመቱ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ 22 በመቶ፣ የሌላው 2.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። አሥር እጥፍ ገደማ። ለአባባ ልጆች ግን «እናንተም ታዩ» ያላቸው ሰው አልነበረም፤ የነገርናቸው እኛ ነን፣ ያውም ለዚህ ጽሑፍ ስናነብ አግኝተነው። ጓደኛችን ባለፈው ወር ታይታለች፣ ደህና ናት። ታላቅ እህቷ «ተከታተይ» ተብላ በስድስት ወር ተቀጥራለች። ታናሽ ወንድማቸው አሁንም አልታየም። ሚኒባስ ነው የሚነዳው፣ ጊዜ የለኝም ይላል። ለማክሰኞ ጠዋት ወረፋ ይዘንለታል፤ ከመካከላችን አንዱ አብሮት ይሄዳል።