የጋን መብራት እንዳንሆን

ሰንጠረዥ ለአገራችን ሰው እንግዳ ጨዋታ አይደለም። በቀድሞ ዘመን በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ይጫወቱት እንደ ነበር የታወቀ ነው። በሌላው ዓለም ቼዝ የሚባለው ወንድሙ ግን ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ብርቱ ጥናት የሚጠይቅ ሙያ ሆኗል። ሙያ ከሆነ ዘንድ ደግሞ አስተማሪ ያሻዋል። ዛሬ ስለ አንድ የሙያው አባት ጥቂት ልንናገር የወደድነውም ስለዚህ ነው።

ሚኻኢል ቦትቪኒክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 በሴንት ፒተርስበርግ አቅራቢያ ተወለዱ። በ1925 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካፓብላንካ ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ሲጫወት፥ ካሸነፉት አንዱ ይህ የ14 ዓመት ልጅ ሆነ። በ1948 የዓለምን ሻምፒዮንነት ራሳቸው ያዙ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ የኤሌክትሪክ መሐንዲስነታቸውን አልተዉም፤ እንዲያውም በ1951 በዚሁ ትምህርት የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ።

እኛን እጅግ የሚያስደንቀን ግን ድላቸው ሳይሆን ሽንፈታቸውን የተቀበሉበት መንገድ ነው። በ1957 ስሚስሎቭ ማዕርጉን ወሰደባቸው፤ በ1958 አስመለሱ። በ1960 የ23 ዓመቱ ታል አሸነፋቸው፤ በ1961፥ በ49 ዓመታቸው፥ እንደ ገና አስመለሱ። ሰው ሲሸነፍ ዕድሉን ወይም ዳኛውን ማማረር ይቀናዋል። እሳቸው ግን የተጫወቱትን ጨዋታ አንድ በአንድ እየመረመሩ ስሕተታቸውን ይፈልጉ ነበር። ምርመራቸውንም ሌላው አይቶ እንዲነቅፈውና እንዲያርመው በጽሑፍ ያወጡት ነበር። መጻሕፍታቸው የተወደዱትም ስለዚህ ነው።

በ1963 በፔትሮስያን ተሸንፈው ማዕርጉን ለቀቁ፤ በ1970 ከውድድር ወጡ። ከውድድር መውጣት ግን ለእሳቸው ከሥራ መውጣት አልነበረም። በትምህርት ቤታቸው ካስተማሯቸው ልጆች መካከል ካርፖቭ በ1975፥ ካስፓሮቭ በ1985፥ ክራምኒክ በ2000 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ክራምኒክ ያሸነፈውም ካስፓሮቭን ነው። መምህሩ በ1995 ስላረፉ ይህን የመጨረሻውን አላዩም።

መምህር አይሳሳትም አንልም። ቦትቪኒክ ትንሹን ካርፖቭን መጀመሪያ ባዩት ጊዜ ተስፋ የሌለው ልጅ ነው ብለው ነበር ይባላል። ነገር ግን ተስፋ አልጣሉበትም ተብሎ የቤት ሥራ አልተከለከለም። ካርፖቭም የተሰጠውን ሥራ ለመፈጸም መጻሕፍት ማገላበጥ ግድ ስለ ሆነበት ብዙ እንደ ተጠቀመ ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ ትምህርት ከመምህሩ ግምት ይበልጣል ማለት ነው።

ይህን ያነሣነው ቼዝ ለማወደስ ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየትምህርት ቤቱና በየሙያው ብዙ ዘመን የሠሩ ዐዋቂዎች አሉ። ጡረታ ሲወጡ የአበባ እቅፍ ሰጥተን እንሸኛቸዋለን፤ ዕውቀታቸውም አብሮ ይሄዳል። በኋላ የሚመጣው ወጣት እነርሱ የተሳሳቱትን ስሕተት እንደ ገና ከመጀመሪያው ይሳሳታል። በጋን ውስጥ ያለ መብራት ለማንም አያበራም። ስለዚህ ዐዋቂዎቻችን ያሸነፉበትን ብቻ ሳይሆን የተሸነፉበትንም ጭምር ይጻፉልን፤ ያስተምሩንም እንላለን። እኛ ተማሪዎቹም ተስፋ የላችሁም ብንባል እንኳ የቤት ሥራችንን አንተው።